ከቀኝ የተነበበው ግራፍ

ሰኞ

ገባኝ! ገባኝ፣ ገባኝ፣ ገባኝ! ሰላምታው ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ይኼ ይጻፍ። ደሴ ተማሪ ሳለሁ በጥርሴም በጥፍሬም ታግዬ ያልቻልኩት፣ መልቀቂያ ፈተና ላይ ባዶውን ትቼው የወጣሁት ፖሊኖሚያል አለእኩልነት ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮዬ፣ ማንጎው ሥር ገባኝ። በግራፍ ገባኝ። በቀርከሃ ገባኝ!

ሳይጠፋኝ ልጻፈው። «ይህ ሁሉ ኤክስ ተባዝቶ ተደምሮ ከዜሮ የሚበልጠው መቼ ነው?» ሲሉ፣ መንገዱ ከውሃ በላይ የሆነው የት የት ነው ማለታቸው ነው። አግድም የተሰመረው መስመር ውሃው ነው። ጠማማው መስመር መንገዱ ነው። መንገዱ ውሃውን የሚቆርጥባቸውን ቦታዎች ታገኛለህ፤ ከዚያ በዓይንህ ደረቁንና እርጥቡን ትለያለህ። ደረቁ መልስህ ነው። በቃ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን ያስለቀሱኝ?

የእኔ ጣጣ ምንጊዜም አጀማመሩ ላይ ነበር። እንደማንኛውም ሰው ከግራ እጀምራለሁ። ግን ከግራ ሲመጣ መስመሩ ከላይ ነው የሚመጣው ወይስ ከታች? የኤክስ ትልቁ ፓወር ሁለት ከሆነ ከላይ፣ ሦስት ከሆነ ከታች፣ አራት ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ከላይ። እንደ ሹመኛ ጠባይ ይለዋወጥብኛል። አንዴ አጀማመሩን ከሳትኩ ደግሞ ደረቁ ሁሉ እርጥብ፣ እርጥቡ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ያርፋል።

ዛሬ ሲትና የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይዛ ከቀኝ በኩል ጀመረች።

«ምነው ከዚያ?» አልኳት።

«ከቀኝ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ እትዬ አስካለ። በጣም ትልቅ ቁጥር ሁለት ጊዜ አባዛው፣ ሦስት ጊዜ አባዛው፣ ላይ ነው። ሁልጊዜ ላይ ነው። ከላይ ጀምር፣ ወደ ግራ ሂድ። ሲቆርጥ ውረድ፣ ሲቆርጥ ውጣ። ኸላስ።»

ኸላስ፣ አለቀ! ከትልቁ ፓወር ፊት ነጌቲቭ ካለ ብቻ ከታች ትጀምራለህ። ሌላ ነገር የለውም። ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

ሲትናን ከዚህ በፊት እዚህ ጽፌያት አላውቅም። የበርታ ልጅ ናት፤ አገሯ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መንደር። በዚያ በኩል ውጊያ ሲሆን ቤተሰቧ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ እሷም ሁለተኛ ደረጃን በአረብኛ ተምራ ነው የተመለሰችው። በአረብኛ ደግሞ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከቀኝ ነው። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ ለአስተማሪነት የሚሠለጥን ሰው ይፈለጋል ተብሎ፣ ለማሠልጠኛው መግቢያ በሚሰጠው ማዘጋጃ ትምህርት ላይ አንድ ዴስክ ተጋራን፤ እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ የአርባ ምናምን ዓመት ሴትዮ፣ እሷ ልጄ የምትሆን፤ አሁን የምታድረውም እኛ ቤት ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እኔንም አንተ፣ መምህሩንም አንተ፣ ዶሮዬንም አንተ። እኔ በርትኛ ስሞክር እንዴት ሆዷን ይዛ እንደምትስቅ ያየ ሰው ግን በእሷ አማርኛ አይስቅም።

መንደራቸው ትምህርት ቤት ተሠርቶ ቆሟል። የተላከው አስተማሪ ሁሉ ክረምት መንገዱን ሳይዘጋበት ሹልክ ይላል። ልጆቹ ደግሞ አማርኛ አያውቁም፣ መምህራኑም በርትኛ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ «ሲትና ካለፈች ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፤ ካላለፈች ግን ልጆቹ ዘንድሮም ማሽላ ጥበቃ ናቸው» ብለው ልከውባታል። የሒሳብ ፈተናው ረቡዕ ነው። ሒሳብ የወደቀ ማሠልጠኛ አይገባም።

ማክሰኞ

ዛሬ ደሜን አፈሉት።

ከጧት ጀምረን ጓሮ ነን። አንድ ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ እናጋድማለን፤ ነጌቲቭ ሁለት፣ አንድ፣ አራት እያልን ምልክት እናደርግበታለን። ከዚያ ቀርከሃውን ሰንጥቀን በውሃ አርሰን፣ ምልክቶቹ ላይ አንዴ ከዱላው በላይ አንዴ ከዱላው በታች እናሳልፈዋለን። ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች። ቀርከሃ ደግሞ እንዴት እንደሚታዘዝ! መምህሩ በጠመኔ ከሚስለው ያምራል።

ጫልቱ በአጥር ላይ ብቅ አለች። የባምባሲ ሴት ናት፣ ጎረቤቴ፣ ምላሷ ስለት ነው።

«ማል ታቴ አስካለ? ምን ነካሽ? ቅርጫት ጀመርሽ?»

«አለእኩልነት እየፈታሁ ነው።»

«እኩል አለመሆንማ እኔ ቤት ሞልቷል፤ ነይና ፍቺልኝ! አንዱ ይተኛል፣ አንዷ ትፈጫለች።» በራሷ ቀልድ ሳቀች። ይኼስ ባልከፋ። ቀጠለች፦ «ግን እውነቴን ነው፣ በዚህ ዕድሜሽ ከልጆች ጋር ተሰልፈሽ አታፍሪም? ጥርስሽ ሲረግፍ ልትመረቂ ነው።»

«በጥርሴ አይደል የማስተምረው!» አልኳት።

አትታዘቡኝ፣ ደህና መልስ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ አንገበገበኝ። ምን ማለት ነው በዚህ ዕድሜሽ? ቦሎቄ በዚህ ዕድሜዬ እዘራለሁ፣ ልጅ በዚህ ዕድሜዬ እድራለሁ፣ ለቅሶ በዚህ ዕድሜዬ እደርሳለሁ፤ ኤክስ ብቻ ነው ዕድሜ የሚጠይቀኝ?

ባሌ ተሰማም አለ እንጂ። ከእርሻ ገብቶ ጓሮውን አየ፤ ቀርከሃውን አየ፤ እኔን አየ።

«አስካሉ፣ ይኼ ለአጥሩ ያመጣሁት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እና አጥሩስ?»

«አጥሩ ፖሊኖሚያል ሆነ።»

ሲትና በሻሽዋ አፏን ሸፈነች። ተሰማ ደግ ሰው ነው፤ ግን ማታ እራት ላይ ደጋግሞ «ፖሊኖሚያል» እያለ ለብቻው ሲስቅ ሰማሁት።

የሚያስፈራኝ፦ የሒሳቡ መምህር ፈቃዱ ግራፍ አይወድም። ክፍል ውስጥ «ግራፍ ለማየት ነው፤ ለመፍታት ሰንጠረዥ» ብሏል። በእሱ ሰንጠረዥ ፕላስና ማይነስ እየደረደሩ መሄድ ነው። እኔ በሰንጠረዥ ሁለት ረድፍ ሳልጨርስ አንዱን ማይነስ ጥዬ እገኛለሁ። ነገ እግዜር ያውቃል።

ረቡዕ

መጣ! ራሱ መጣ! ኤክስ ኪዩብ፣ ሲቀነስ ሦስት ኤክስ ስኩዌር፣ ሲቀነስ ስድስት ኤክስ፣ ሲደመር ስምንት፤ ከዜሮ የሚበልጠው መቼ ነው? አንድን አስገብቼ ሞከርኩ፣ ዜሮ ሆነ። አካፈልኩ። ነጌቲቭ ሁለት፣ አንድ፣ አራት። የጓሮዬ ቀርከሃ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ፈታኙ ቀና ብሎ ስላየኝ ሳል አስመሰልኩት።

ሳልኩት። ከቀኝ ጀመርኩ፤ ከላይ። አራት ላይ ወረደ፣ አንድ ላይ ወጣ፣ ነጌቲቭ ሁለት ላይ ወረደ። ደረቁ፦ ከነጌቲቭ ሁለት እስከ አንድ፣ ከዚያ ከአራት ወዲያ ያለው በሙሉ።

ሌሎቹም ክፉ አልነበሩም። አንዱ ላይ ብቻ ትንሽ አመነታሁ። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት በራሱ ተባዝቶ፣ ደግሞ በኤክስ ሲቀነስ አምስት ተባዝቶ፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ የሚሆንበት። ከአምስት ጀምሮ ወዲያ ያለው በሙሉ ብዬ ጻፍኩ። ደህና ነው።

ስንወጣ ትልቁን ጥያቄ ከሲትና ጋር አስተያየን። አንድ ነው! ቁጥሮቹም ስዕሉም አንድ ነው። ሌላውን ሳናወራ ዝናቡ አናታችን ላይ ወረደና ሮጥን። ሰው ሁሉ በረንዳ ለበረንዳ ሲጠለል እኛ ጭቃ ለጭቃ እየተሳሳቅን ሄድን።

ሐሙስ

አባ ኢድሪስ መጡ። የሲትና መንደር ሽማግሌ ናቸው፤ በጭነት መኪና አናት ላይ ተቀምጠው፣ የባሚያ ከረጢት ይዘው። ውጤቱን ይዤ እመለሳለሁ ነው የሚሉት። መኪናው የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ መንገዱን ከበላው መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ሲትና ካላለፈች ከእሳቸው ጋር ትሄዳለች፤ ለዓመቱ ነገሩ ያበቃል።

ማንጎው ሥር ተቀምጠው ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር፦

«ወጣ?»

«አልወጣም አባ።»

«ኢንሻላህ።»

ድስት አሳረርኩ። ተሰማ «ዛሬም ፖሊኖሚያል ነው?» አለኝ። አልሳቅኩለትም።

ዓርብ

አለፍኩ። እና መናደዴን መጻፍ የምችለው እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ወረቀታችንን መለሱልን። እኔ ማለፊያውን ትንሽ አልፌያለሁ። ሲትና በትንሽ ጎድሏት ወድቃለች። ትልቁ ጥያቄ ላይ ለእኔ ራይት፣ ለእሷ ኤክስ! አንድ ዓይነት ግራፍ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ለእኔ ራይት ለእሷ ኤክስ! ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሦስቴ አየሁት። ስዕሏ ከእኔም ያምራል፤ ደረቁን ክፍል አጥቁራዋለች። እኔ «ከነጌቲቭ ሁለት እስከ አንድ» ብዬ በጻፍኩበት እሷ የጻፈችው «ከአንድ እስከ ነጌቲቭ ሁለት» ብላ ነው። ከቀኝ ጀምራ ስላነበበችው ከቀኝ ጀምራ ጻፈችው። ይኼው ነው ወንጀሏ።

መምህር ፈቃዱ ዘንድ ሄድኩ። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ወይዘሮ አስካለ፣ በቅንፍ ሲጻፍ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ከአንድ የሚበልጥ፣ ደግሞ ከነጌቲቭ ሁለት የሚያንስ ቁጥር አለ?»

«የለም።»

«ስለዚህ የጻፈችው ባዶ ነው። ባዶ ደግሞ መልስ አይደለም። ሰንጠረዥም አልሠራችም።»

«ግራፉስ?»

«ግራፍ ለማየት ነው።»

ሁለተኛ ቅሬታም አለኝ። እኔም አንዱ ጥያቄ ላይ ኤክስ ተሰጥቶኛል፤ ያ ያመነታሁበት። ከአምስት ወዲያ ማለቴ ምኑ ነው የተሳሳተው? ይኼንንም ልጨምርበት ስል ርዕሰ መምህሩ ጠርቶት ሄደ። ይኼ መምህር የቆጠበው ቀይ እስክሪብቶ ያለ አይመስልም።

አባ ኢድሪስ «ወጣ?» አሉኝ። ሲትና ራሷ ነገረቻቸው፤ በርትኛ፣ ሁለት ቃል። እሳቸውም የባሚያውን ከረጢት ወደ እኔ ገፉልኝ። አለቀስኩ። በንዴት ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ቅዳሜ

ገበያ ነበር፤ እዚያ አገኘሁት። ቲማቲም እየመረጠ።

«መምህር!» አልኩ። ባለ ቲማቲሟም ቀና አለች፣ ባለ ጨዋም ቀና አለ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እንደምን አደሩ።»

«ደህና አላደርኩም። አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ያለው መንገድ ከባምባሲ እስከ አሶሳ ካለው ይለያል?»

«አይለይም።»

«ከባምባሲ የመጣ ሰው መንገዱ ባዶ ነው ይባላል?»

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «አይባልም!» አለችልኝ። ምን እንደምናወራ አታውቅም፤ ግን ልብ አላት።

እሱ ፊቱ ቀላ። «ወይዘሮ፣ መንገድ ሌላ ቅንፍ ሌላ። ለአንድ ሰው ስል ሕጉን ከቀየርኩ ነገ ሌላው ይመጣል። ቲማቲሜን ልግዛ።»

«ይግዙ! ግን ስዕሉን አይተውታል? ስዕሉን?»

ጥሬ ጥሬውን ቲማቲም ለቅሞ ሄደ። የበሰሉትን ትቶ! ለቲማቲምም ዓይን የለውም።

ጀግና ሆኜ ወደ ቤት ገባሁ። ሲትና ግን ማንጎው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«አንተ ለምን ገበያ መሐል ጮህክ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ!»

«እኔ ጩኽ አላልኩም። እኔ ልመና አልፈልግም፣ እትዬ አስካለ። ሰው ነገ ምን ይላል? ሲትና በወይዘሮ ጩኸት አለፈ ይላል። እኔ ልጆቹ ፊት እንዴት ልቆም ነው?»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሰሌዳ እፈልጋለሁ። ሌላ ጥያቄ ይስጠኝ። ካልቻልኩ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ማሌሽ፣ ግድ የለም።»

ገብታ ተኛች። እኔ እዚያው ቆምኩ። ተቆጥቼላት ተቆጣችኝ! ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው? ግን አንጀቴ ይነግረኛል፤ ልክ ናት።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ሲትናና እኔ ስንተያይ ዞር፣ ስንተላለፍ ፈገግ። ኩርፊያው ግማሽ ነው።

ጫልቱ አጥሩ ላይ መጣች። ልትሳለቅብኝ ነው ብዬ ታጠቅኩ። እሷ ግን «እውነት ነው ልጅቷን የጣላት?» አለች።

«እውነት ነው።»

«የኋሊት ስለሄደች?»

«ከቀኝ ስለጀመረች።»

«እኔም ቅርጫት ስሠራ ከቀኝ ነው የምጀምረው። ማን ጣለኝ?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «መምህሩ ወይዘሮ ስትጮህበት ይደነግጣል እንጂ አይሰማም። ተሰማን ላኪው። ወንድ ለወንድ በቀስታ ይነጋገሩ።»

ይኼ ያናድደኛል፤ ለምን ወንድ ለወንድ? እኔ ቋንቋ የለኝም? ግን ላክሁት። ተሰማ ማንጎ በዘንቢል ይዞ ሄደ፤ ማንጎ የማይቀበል ሰው አሶሳ ውስጥ የለም። ሲመለስ እንዲህ አለኝ፦

«ነገ ጧት ሰሌዳ ላይ ልትሞክር ትምጣ ብሏል። የሰጠሁትን ካልሠራች ግን ሁለተኛ ገበያ ውስጥ አልጠራም ብሏል።»

«እና አንተ ምን አልከው?»

«ፖሊኖሚያል አጥሬን ወሰደብኝ አልኩት። ሳቀ።»

ይኼን ሰውዬ ያገባሁበትን ምክንያት አንዳንዴ አስታውሰዋለሁ።

ሰኞ

ክፍሉ ውስጥ መምህር ፈቃዱ፣ ሲትና፣ እኔ። አባ ኢድሪስ በመስኮት። ርዕሰ መምህሩ ሊመጣ ነበር፣ አልመጣም።

ሰሌዳው ላይ ጻፈላት፦ ኤክስ ሲደመር አንድ በራሱ ተባዝቶ፣ በኤክስ ሲቀነስ ሦስት ተባዝቶ፤ ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ የሚሆነው መቼ ነው?

እኔ ከኋላ ተቀምጬ በልቤ ፈታሁት። ቀላል ነው፤ ከሦስት ወዲያ በሙሉ። አለቀ። ለልጅቷ አዘነላት ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሲትና ጠመኔውን ወሰደች። ውሃውን አሰመረች። ከቀኝ፣ ከላይ ጀመረች። ሦስት ላይ ቆርጣ ወደ ታች ወረደች። ነጌቲቭ አንድ ስትደርስ መስመሩን ከታች ወደ ላይ አመጣችና ውሃውን አስነክታ መልሳ ወደ ታች ወሰደችው።

«ለምን አልቆረጠም?» አላት።

«ሁለት ጊዜ ስለተባዛ። ነጌቲቭም ቢሆን ራሱን ሲያባዛ ነጌቲቭ አይሆንም። ስለዚህ እዚያ ይነካል፣ ይመለሳል።»

«መልሱስ?»

«ከሦስት ጀምሮ ወደ ቀኝ ሁሉ። ደግሞ ነጌቲቭ አንድ። እሱ ብቻውን።»

«ብቻውን?»

«ጥያቄው ዜሮም ይሁን ይላል። እኛ አገር ወንዝ ሲሞላ መሐል ላይ አንድ ድንጋይ አለ፤ አናቱ ከውሃው እኩል ነው። ግራው ውሃ፣ ቀኙ ውሃ። ግን እግር ይቆምበታል። እሱን ካልቆጠርክ ተሻጋሪ ይሰምጣል።»

እኔ ከኋላ «ሦስት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ዞሩ። የእኔው ጥያቄ! የረቡዕ ጥያቄ! ሦስት ላይ ድንጋይ ነበር፤ እኔ ሳልቆጥረው ዘልዬው አምስት ላይ ደረስኩ! ከዓርብ ጀምሮ ያንገበገበኝ ኤክስ የእኔው ሥራ ነው።

«አዎ፣ ወይዘሮ አስካለ» አለ መምህሩ፣ በዚያ ቀስተኛ ድምፁ። «ያንን ልነግርዎ ነበር፤ ገበያው አላስጨረሰኝም።»

መሬት ብትውጠኝ ባልጠላሁ።

ከዚያ ለሲትና፦ «አሁን ከግራ ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

«ውሃ። ድንጋይ። ውሃ። ሦስት ላይ ወጣ፣ ከዚያ ደረቅ። ከየትም ብትመጣ ደረቁ ደረቅ ነው።»

መምህሩ ከጠረጴዛው ላይ የረቡዕ ወረቀቷን አነሣ፤ ያን ያጠቆረችውን ስዕል ብዙ አየው። «መልሱን ነው ያረምኩት፤ ስዕሉን አላየሁትም» አለ። «ስዕሉ ልክ ነው። ለስዕሉ የሚገባውን እሰጣለሁ። ግን ስሚኝ፤ ለልጆቹ ስትጽፊ ትንሹ ቁጥር በግራ ይሁን። መጽሐፋቸው እንደዚያ ነው፣ ፈተናቸውም እንደዚያ ነው። አንቺ የለመድሽው እነሱን እንዳይጥላቸው።»

«ልክ ነው። ለልጆች ከግራ እጽፋለሁ። ለራሴ ከቀኝ አያለሁ።»

እልል ልል ስል እጁን አነሣ። ውጤት የሚታረመው ርዕሰ መምህሩ ሲፈርም ነው። ርዕሰ መምህሩ የት ነው? ስብሰባ። የምን ስብሰባ? አይታወቅም። አዲስ ክልል፣ አዲስ ቢሮ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ስብሰባው ግን ጥንትም የነበረ ይመስል አያልቅም! መኪናው ነገ ነው የሚሄደው! ሰው የሚሰበሰበው ሰው ሲቸገር ነው እንዴ?

ማክሰኞ

ከጧት ጀምሬ የርዕሰ መምህሩ በር ላይ ነኝ። ጸሐፊዋ «ይጠብቁ» አለችኝ። ጠበቅኩ። «ነገ ይምጡ» አለችኝ። አልመጣም አልኳት፤ መምጣት አያስፈልገኝም፣ እዚሁ ነኝ። ወንበሩን ይዤ ቁጭ።

ሲትና አልተቀመጠችም። ሻንጣዋን አስራ መኪናው ጋ ቆማለች፤ አልፈሻል ከተባለች ትቀራለች፣ ካልተባለች ትወጣለች። የጭነት መኪናው ጨው እየጫነ ነው። ሾፌሩ «ዝናብ ሳይመጣ ያላ!» እያለ ይጮሃል ይሉኛል።

ፈቃዱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፤ ስብሰባው ድረስ ሮጦ ሄዶ ጠርቶታል። ርዕሰ መምህሩ እየተነጫነጨ ገባ፣ ስዕሉን አየ፣ «ይኼ ምን ክርክር አለው?» ብሎ ፈረመ። ምን ክርክር አለው ይላል! ይኼን ሁሉ ቀን ደሜ ሲፈላ ምን ክርክር አለው! ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ፈቃዱ በዓይኑ ለመነኝ፤ ዘጋሁት።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ! ነጠላዬ አንድ ቦታ ወደቀ፤ ጫልቱ ናት ከኋላ ያነሣችልኝ። መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ሲትና አንድ እግሯ ጎማው ላይ ነው።

«ውረጂ!» አልኳት። «አልፈሻል፣ ውረጂ!»

አልወረደችም፤ ዘለለች። አባ ኢድሪስ ከላይ ሆነው ምን እንደተባለ ጠየቁ፤ በርትኛ ነገረቻቸው። እሳቸው ደግሞ መኪናው አናት ላይ ለተቀመጠው ሁሉ ነገሩ። መኪናው ሁሉ እልል አለ፤ የማያውቀንም እልል አለ። ሾፌሩ «ያላ! ያላ!»

ሲትና እጄን ይዛ «አንተ ዛሬስ ጩኽ» አለችኝ። «ዛሬ ይፈቀዳል።»

ማሠልጠኛው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል። እሷ ከጨረሰች በኋላ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ይሁን አላውቅም፤ በእግርም እሄዳለሁ ትላለች። እኔ የትኛው መንደር እንደሚደርሰኝ አልነገሩኝም። ተሰማ «ማንጎ ያለበት ይሁን እንጂ» አለ።

ድግሱን ወስኛለሁ፤ ማንም እንዳይከራከረኝ። ባሚያ አለ፣ ገንፎ አለ፣ ማንጎ እንደ ልብ አለ። ጫልቱ ትምጣ፣ ባሏም እንቅልፉን ትቶ ይምጣ። ያቺ ሽንኩርት ሻጭ ትምጣ፤ ምን እንደደገፈች ላስረዳት። አባ ኢድሪስ መንገዱ ከፈቀደላቸው ይምጡ። መምህር ፈቃዱም ይምጣ፣ ቲማቲሙን ግን እኔ እመርጣለሁ። የክፍላችን ልጆች ሁሉ፣ የወደቁትም፣ በተለይ የወደቁት፤ ጓሮው ሰፊ ነው፣ ቀርከሃውም አልተነሣም። የሰማ ላልሰማ ይንገር፤ የመጪው እሑድ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ እኛ ቤት።